ሞገስ፣ አንድ ከአምስት

ሞገስ ይላል እንግዲህ፣ አራተኛው ዓምድ ላይ፣ በደማቅ ቀይ፣ ሞገስ፣ ከአምስት የሚሰጥ፣ እና ይሄ ከጫማው እስከ ክራቫቱ ትናንት ከሱቅ የወጣ የሚመስል አማካሪ መጠቆሚያውን እያሽከረከረ፣ ዝርያው በሕዝብ ዘንድ ያለውን ተወዳጅነት ማለታችን ነው ይለናል፣ ማለታችን፣ ስንት ሆናችሁ ነው ይቺን ያሰባችኋት፣ ዋሻ ውስጥ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ለሚኖር፣ ዓይን ለሌለው፣ የምስር ፍሬ ለሚያህል ሽሪምፕ ሞገስ፣ ማን አይቶት ይወደዋል፣ እሱስ ማንን አይቶ ይሽኮረመማል። ጉድ እኮ ነው። እና ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ስምንት ራስ፣ ጥሩ መስፈርት ነው ይላል አንዱ፣ ዘመናዊ ነው ይላል ሌላው፣ እኔም ብዕር ይዣለሁ፣ ከፊቴ የታሸገ ውሃ አለ፣ ስሜ በካርቶን ተጽፎ ቆሟል፣ ዶክተር እገሊት፣ የዋሻ እንስሳት ተመራማሪ፣ ካርቶኑ ማቀዝቀዣው በነፈሰ ቁጥር በግንባሩ ይደፋል፣ አነሳዋለሁ፣ ይደፋል፣ ተዪው፣ ይደፋ።

ዘጠኝ ዋሻ። በየዋሻው ውሃ ውስጥ አንድ አንድ ብርቅ የተባለ ዝርያ፣ ቅርፊት ለባሽ፣ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ፣ ነጭ፣ ዕውር፣ ድምፅ አልባ። ከዘጠኙ ሦስቱ ይጠበቃሉ፣ ስድስቱ ይለቀቃሉ፣ ይለቀቃሉ ማለት ማሽን ይገባባቸዋል ማለት ነው፣ ይህን ግን ማንም በዚህ ቋንቋ አይናገረውም፣ ቅድሚያ ያላገኙ ይባላሉ፣ ሰልፍ ላይ ያሉ ይመስል፣ ነገ ተራቸው የሚደርስ ይመስል።

ሰብሳቢው ያዛጋል። አጀንዳውን በአፉ ላይ ከልሎ ያዛጋል፣ ግን አጀንዳው አንድ ገጽ ነው፣ አፉ ደግሞ ሰፊ ነው። ሰውየው ያጠናው ደን ነው፣ ስለ ዛፍ ሲጠይቁት ዓይኑ ይበራል፣ ስለ ውሃ የሚያውቀው ሲጠጡት ጥም እንደሚቆርጥ ብቻ ነው፣ እና እሱ ነው ዛሬ ከመሬት በታች ያለውን ፍጥረት በሕይወትና በሞት የሚለየው፣ አንቱ እለዋለሁ በአፌ፣ በሆዴ ግን አንተ ነው፣ አንተም ሲበዛበት ነው።

ሁለት ቁጥር፣ ይላል አማካሪው፣ እና ግድግዳው ላይ ሥዕሉ ይመጣል፣ ባለቀለም መብራት ያለው ዋሻ፣ ደረጃ የተሠራለት፣ መደገፊያ ብረት የተገጠመለት፣ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ያለው፣ ሽሪምፑም ሮዝ ሆኖ ወጥቷል፣ ሮዝ ያደረገው አምፖሉ ነው እኮ እናንተ፣ ሞገስ አምስት፣ ተደራሽነት አምስት፣ ኦ፣ ያምራል፣ ትላለች ከጎኔ ያለችው ሴት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ያምራል። ይሄ ያማረሽ ሽሪምፕ በሌሎች አራት ወንዞች ምንጭ ውስጥ ሞልቷል፣ ባልዲ ይዘሽ ብትወርጂ ቀድተሽ ትመለሻለሽ፣ ብርቅ አይደለም፣ አይጠፋም፣ ሰው ቢጠፋ እሱ አይጠፋም። ይህን ልናገር? ባለፈው ስብሰባ ተናግሬያለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ ዶክተሯ አስተያየት ሰጥተዋል ተብሎ ተጽፏል። ምን እንዳልኩ አልተጻፈም። ውሃ ወቀጣ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ብትወቅጪ ማታ የሚተርፍሽ የእጅ ሕመም ነው።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ልጅቷ አለች። ልጅቷ እላለሁ እንጂ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ተማሪዬ ነበረች፣ አሁን የመስክ ቡድኑን ትመራለች፣ እዚህ ግን ታዛቢ ናት፣ ታዛቢ አይናገርም፣ ደንብ ነው፣ ስለዚህ ትመለከተኛለች። ከጠዋት ጀምሮ ትመለከተኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ይደብረኛል፣ ዓይኑን እንደ መርፌ ሰው ላይ ሰክቶ የሚቀመጥ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጎትታ አስራዋለች፣ ጥፍሯ ውስጥ ጭቃ አለ፣ ለስብሰባ እንኳ ጥፍር አይጠራም? እኔ በዕድሜዋ ሳለሁ ከዋሻ ወጥቼ በማግስቱ ሚኒስትር ፊት ብቀርብ ማንም ከየት እንደመጣሁ አያውቅም ነበር። አዎ። ነበር። ምን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። እግሬ ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምትፈልገው።

ሦስት ቁጥር፣ አራት ቁጥር። ይቀጥላል። አማካሪው ቁጥር ሲጠራ ድምፁ የአውቶቡስ ረዳት ድምፅ ይሆናል፣ ወራጅ አለ የሚል ይመስላል።

ሰባት ቁጥር የካባው ዋሻ ነው። የድንጋይ ማውጫው አጠገብ ያለው፣ ሃያ ስድስት ሜትር በገመድ ወደ ታች፣ ከዚያ በደረት እየተሳቡ፣ ከዚያ ኩሬ፣ ኩሬው ከዚህ ጠረጴዛ አይበልጥም፣ እና ያ ዝርያ ከዚያች ኩሬ በቀር በምድር ላይ የትም የለም። የትም። ያገኘሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋን ሳያት መብራቴን አጥፍቼ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ለምን እንዳጠፋሁት አላውቅም፣ ብርሃኑ የሚያሳፍራት መስሎኝ ይሆናል፣ ዓይን ለሌላት፣ ሞኝነት፣ ወጣትነት። ከላይ ወንድሜ ገመዱን ይዞ ይጮሃል፣ እታለም! አለሽ? እታለም! ታናሼ ነው፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ገመድ የያዘልኝ እሱ ነው፣ አንድም ቀን ግን አልወረደም፣ ጨለማ ይፈራል፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ሚስት አግብቶ ጨለማ ይፈራል።

እና አሁን እዚያው ካባ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ለፈንጂ ድንጋይ ይቦረቡራል፣ ሦስት ልጆች አሉት። ሰባት ቁጥር ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ካባው በዚያ በኩል ይዘጋል። ካባው ከተዘጋ ወንድሜ። ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚሸጡት ነገር አለ፣ እኔም አለኝ፣ የእኔ ግን ሥጋ ነው፣ የሥጋ ነገር ይለያል። ይለያል አይደል።

ዓምድ ስድስት፣ የመረጃ ጥራት፣ ይላል አማካሪው፣ ሰባት ቁጥር ሞገስ አንድ፣ ተደራሽነት አንድ፣ መረጃ፣ እዚህ ላይ ችግር አለ፣ መጨረሻ የታየው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፣ በዶክተሯ፣ በመጠቆሚያው ወደ እኔ ይጠቁማል፣ ቀይዋ ነጥብ ደረቴ ላይ ታርፋለች፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እና በደንባችን መሠረት በአሥር ዓመት ውስጥ ለመታየቱ ማስረጃ የሌለው ዝርያ ከውድድሩ ይወጣል። ከውድድሩ። ሩጫ ነው እንግዲህ። ዕውሮቹ ሮጠው ሮጠው ያልታየው ወጣ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው ጉልበቴ እምቢ ያለኝ። ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም። በየዓመቱ ሪፖርት ላይ፣ ይኖራል ተብሎ ይገመታል፣ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ይገመታል፣ እንዴት ያለ ቀሽም ቃል ነው፣ ሰነፍ የሚተኛበት ፍራሽ።

የወረደችው እሷ ናት። ልጅቷ። ባለፈው ወር፣ ሳትነግረኝ፣ ከዚያ ቢሮዬ መጥታ ፖስታ ሰጠችኝ፣ አራት አየሁ አለችኝ፣ አንዷ እንቁላል ይዛለች፣ ፎቶው እዚያ አለ፣ ሪፖርቱ እንዲመዘገብ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ፎቶውን አወጣሁት፣ አየሁት፣ ያቺው ናት፣ ያቺው ነጭ፣ ያቺው ረጃጅም ቀንድ፣ ሆዷ ሥር የተለጠፉ ፍሬዎች፣ አንጀቴን ምን እንዳደረገው ለማንም አልናገርም፣ እና እንዲህ አልኳት፣ እስቲ ተዪልኝ፣ አየዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው። አየዋለሁ እንዳልኩ ነኝ። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከመነጽር ቤቱና ከጉልበት ቅባቱ ጋር።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዛሬውን ሸሚዝ እየተኮስኩ ወንድሜ ደወለ። ሄሎ እታለም፣ ደህና ነሽ። ገብቶኛል፣ አትንገረኝ፣ አልኩት። ምኑ ነው የገባሽ? የነገው ስብሰባ፣ ስለሱ አይደል የደወልከው? አዎ፣ እሱማ እሱ ነው፣ ግን። ግን የለም፣ ልጆች አሉህ፣ አውቃለሁ፣ ለእኔ ተወው፣ ማንም እንጀራህን አይነካም። ከኋላው ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ አንዱ ልጁ ያለቅሳል። ኧረ እኔ፣ አለ፣ ከዚያ፣ እሺ በቃ፣ አለ፣ እሺ በቃ እታለም። ዘጋው። ምስጋና ሲያንቀው እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ። ፈሪ ነው፣ ከልጅነቱ ፈሪ ነው፣ ውሻ ሲጮህ ቀሚሴ ውስጥ ይገባ ነበር፣ እኔ ቆሜ ድንጋይ እወረውራለሁ፣ አሁንም ያው ነው፣ እሱ ይፈራል፣ ድንጋይ ወርዋሪዋ እኔ ነኝ።

ዶክተር፣ ይላል ሰብሳቢው፣ መጨረሻ ላይ ነቅቷል፣ መቼም የእርስዎ ዝርያ ነው፣ የሚሉት ነገር ካለ?

ጥግ ላይ ከካባው የተላከው ተወካይ ስልኩን አስቀምጦ ቀና ይላል። ልጅቷ ብዕሯን ይዛ ቀርታለች። ሁሉም ያየኛል፣ የእርስዎ ዝርያ፣ የወለድኩት ይመስል፣ ተናገሪ፣ በይ ተናገሪ፣ እዚህ እግርሽ ሥር ነው፣ ጎንበስ ብሎ ዚፕ መክፈት ነው፣ እና እነዚህ ደደቦች እውነት ቢነገራቸው ምን ያደርጉበታል፣ ሞገስ አንድ ነው የሚሉት፣ ታየም አልታየም ሞገሱ አንድ ነው፣ በእነሱ ፊት እንቁላል አውጥቶ መቁጠር እንቁላሉን ማዋረድ ነው።

የለኝም፣ እላለሁ።

አመሰግናለሁ፣ ይላል። አማካሪው አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ሰባት ቁጥር ረድፍ ግራጫ ይሆናል። ይህን ያህል ነው። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ተወካዩ ወደ ስልኩ ይመለሳል። የሻይ እረፍት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ።

ተነስቼ እወጣለሁ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ኮሪደሩ የቀለም ሽታ አለው፣ ከኋላዬ ሴትየዋ ስለ ሮዙ ሽሪምፕ ታወራለች፣ ለልጄ ፎቶውን ልላክለት ትላለች፣ ሂጂ ላኪለት፣ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ ከዚያ በላይ አያስኬድም፣ ግድግዳ ነው። ዘወር ስል ልጅቷ ቆማለች።

ለምን ዝም አሉ? ትለኛለች።

ፎቶው፣ ጥራቱ፣ እላለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ።

ፎቶው ላይ እንቁላሎቹ ይቆጠራሉ። ስድስት ናቸው። እርስዎ ነዎት እኮ በፎቶ መቁጠር ያስተማሩኝ።

አንቺ ልጅ፣ የማታውቂው ነገር አለ፣ እላታለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ምሥጢር አካፋይ ሆኜ፣ እዚያ ካባ ውስጥ የእኔ ሰው አለ። ሦስት ልጆች ያሉት። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ሰው ምን እንደሆነ።

ታየኛለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲለወጥ አያለሁ፣ ቁጣ አይደለም፣ ቁጣ ቢሆን እችለዋለሁ፣ ከቁጣ ያነሰና የቀዘቀዘ ነው፣ እኔ ሰብሳቢውን የማይበት ዓይን ነው። ያቺው ዓይን። መጀመሪያ ያወቅኋት በመስታወት አይደለም፣ እዚህ ነው፣ በተማሪዬ ፊት ላይ።

ሁለተኛውን ገጽ አላዩትም፣ ትላለች። አልጠየቀችኝም። ነገረችኝ።

ምን ሁለተኛ ገጽ። ቦርሳዬን እከፍታለሁ፣ ዚፑ ይይዛል፣ እስበዋለሁ፣ የጉልበቱ ቅባት ይወድቃል፣ ጎንበስ ብላ ታነሳልኛለች፣ አታየኝም፣ ፖስታው፣ ፎቶው፣ የመጀመሪያው ገጽ፣ ከሥሩ የተጣበቀ ሁለተኛ ገጽ አለ፣ እርጥበት ነክቶት ተጣብቋል፣ ወይስ እኔ አልገለጥኩትም፣ አልገለጥኩትም፣ እገልጠዋለሁ፣ ገመድ ያዥና ምስክር ይላል፣ ከሥሩ ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ የአባት ስም፣ የአባቴ ስም፣ ያ ተንጋዶ የሚወድቅ የእጅ ጽሑፍ፣ እኔ ነኝ በእርሳስ እጁን ይዤ ያስጻፍኩት፣ ያኔም ፊደሎቹ ወደ ግራ ይወድቁ ነበር፣ ስልክ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ፣ የሥራ ቦታውን እንኳ ጽፎታል፣ ካባ፣ ቦርቧሪ፣ አንደኛ ፈረቃ፣ ምንም ሳያጎድል፣ ፊርማ።

የሥራ ቦታውን ባይጽፍ ይሻላል ብዬው ነበር፣ ትላለች ልጅቷ። ግማሹን ደብቄ ምን ምስክር ሆንኩ ነው ያለኝ። በእረፍት ቀኑ ነው የመጣልኝ። ብቻዬን ልወርድ እንደሆነ ከካባው ጥበቃ ሰምቶ፣ ሳልጠራው። ሦስት ሰዓት ቆመ። ጓንት አልነበረውም፣ ስወጣ መዳፉ ተልጦ ነበር። እና ሲጠይቀኝ ምን አለኝ መሰለዎት፣ እህቴ ያየቻት ናት? ነው ያለኝ። ናት አልኩት። ሳቀ።

ኧረ እኔ፣ ነበር ያለው ትናንት። ኧረ እኔ፣ ከዚያ ምን ነበር፣ ምን ሊል ነበር፣ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር፣ ኮሌታው ላይ ደርሼ ነበር፣ ፈርሜያለሁ ሊለኝ ነበር፣ አየሽው ወይ ሊለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ እንጀራህን አልኩት፣ ልጆችህን አልኩት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእሱ ፍርሃት ተሸፍኜ ተኛሁ፣ ፍርሃቱ የማን ነበር፣ ዕውር ማለት፣ ተዪው፣ ብዕር፣ ብዕር የት አለ፣ ብዕሬ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ ብዕር አለሽ?

ትሰጠኛለች። መስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ እፈርማለሁ፣ ከስሙ ሥር፣ አቧራ አለው፣ ፊርማዬ የአሮጊት ፊርማ ሆኖ ይወጣል።

እረፍቱ አላለቀም ግን እገባለሁ፣ ሰብሳቢው ብስኩት አፉ ውስጥ አለ፣ ሰባት ቁጥር፣ እላለሁ፣ ቆሜ፣ ሰባት ቁጥር አለ። ይቅርታ? ይላል። ታይቷል፣ አራት፣ አንዷ እንቁላል የያዘች፣ ፎቶ አለ፣ ምስክር አለ፣ ይኸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደርገዋለሁ፣ ሰዎች ኩባያቸውን ይዘው ይመለሳሉ፣ ወንበር ይንጫጫል።

መቼ ነው የታየው? ይላል ሰብሳቢው፣ እየዋጠ።

ባለፈው ወር።

ሪፖርቱ መቼ ደረሰዎት?

ከሦስት ሳምንት በፊት።

እና እስካሁን የት ነበር?

ቦርሳዬ ውስጥ፣ እላለሁ።

ማንም አይስቅም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ከጎኔ ያለችው ሴት ወንበሯን ትንሽ ራቅ ታደርጋለች፣ የሚጋባ ይመስል።

አማካሪው ነው መጀመሪያ የሚያገግመው፣ አማካሪ መቼም አይሞትም፣ የማስረጃ ማቅረቢያ ጊዜው ባለፈው ዓርብ ተዘግቷል ይላል፣ ከዚያ ገጹን ይገልጣል፣ ከእኔ ፈጥኖ ገለጠው፣ ይቅርታ፣ ምስክሩና ዶክተሯ የአባት ስማቸው አንድ ነው፣ ዘመድ ናቸው?

ወንድሜ ነው፣ እላለሁ፣ የእናቴም የአባቴም ልጅ።

እንግዲያው የጥቅም ግጭት አለ፣ ይላል፣ ደስ ብሎት፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እየላሰው። ጥቅም። የማን ጥቅም አንተ የሱቅ አሻንጉሊት፣ ሰውየው የሚበላበትን ካባ ሊዘጋ ነው የፈረመው፣ ጥቅም ማለት ይሄ ከሆነ ላንተም ይስጥህ፣ ይህን በሆዴ ነው ያልኩት መሰለኝ፣ ግን አማካሪው ቀልቷል፣ በአፌ ነው ያልኩት።

ሰብሳቢው መነጽሩን ያወልቃል። አሁን ያዛጋል ብዬ እጠብቃለሁ። ወረቀቱን ይስባል፣ የሥራ ቦታ የሚለውን በጣቱ ይነካል፣ ቀስ ብሎ ያነባል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ስለ ውሃ ብዙም አላውቅም፣ ይላል፣ አልደብቃችሁም፣ ሠላሳ ዓመት ዛፍ ነው የቆጠርኩት። ግን ሠላሳ ዓመት ምስክርም ሰምቻለሁ፣ ዛፉን ማን ቆረጠ ብለን ስንጠይቅ ሁሉም ጎረቤቱን ነው የሚጠቁመው። የእንጀራ ገመዱን በገዛ እጁ እየቆረጠ የሚዋሽ ሰው ግን አልገጠመኝም። እኔ ይመዝገብ ባይ ነኝ። የምትደግፉ?

እጅ። እጆች። ከእነሱ ውስጥ የኦ ያምራል ባይዋ እጅ አለ፣ ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም በፊት። ሮዙን ትታ። እኔ ስምንት ራስ ብዬ ቆጥሬያቸው ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ራስ ብቻ። አምስት። አምስት ለሦስት። ግራጫው ረድፍ ይነጣል፣ በብርቅነትና በመረጃ ዓምድ አምስት አምስት ያገኛል፣ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፣ ሁለት ቁጥር ወደ አራተኛ ይወርዳል፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጉብኝት እንዲደረግና ማረጋገጫ እንዲቀርብ፣ እስከዚያ ካባው በዚያ በኩል ሥራ እንዲያቆም፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች፣ ተወካዩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እየወጣ ነው፣ በሩን ሳይዘጋው። እና ዶክተር፣ ይላል ሰብሳቢው፣ አንቱታው እንዳለ ነው፣ ሙቀቱ ግን የለም፣ በዚህ ኮሚቴ ስለ መቀጠልዎ በጽሑፍ እናሳውቅዎታለን። በጽሑፍ። ገብቶኛል። ካርቶኔን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ለእነሱ ላለመተው።

ደረጃው አርባ ሁለት ነው፣ ጉልበቴ ይቆጥረዋል፣ ልጅቷ ቀድማኝ ትወርዳለች፣ አትጠብቀኝም፣ ግን ርቃም አትሄድም፣ በር ላይ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታናል። አመሰግናለሁ ልትለኝ ነው ብዬ ፊቴን አዘጋጃለሁ፣ ልግስና ያለበት ፊት፣ ምንም አይደል የሚል ፊት።

ሦስት ሳምንት፣ ትላለች። ሌላ አትጨምርም። ፊቴን አፈርሰዋለሁ።

ስልኬ ይጮሃል። እሱ ነው። እታለም፣ ገባ አይደል? ይላል፣ ከኋላው የተሽከርካሪ ድምፅ አለ። ማን ነገረህ? ማንም፣ አለቃዬ ነው፣ አሁን ጠርቶ ዕቃህን ሰብስብ አለኝ፣ እንግዲህ ገብቷል ማለት ነው አልኩ። ይስቃል። ይስቃል ሰውየው። ሥራውን ካጣ አሥር ደቂቃ አልሞላውም። ምን ልበልህ፣ እላለሁ። ምን ትይኛለሽ። ትናንት ልትነግረኝ ነበር። አዎ፣ ነበር። አላስጨረስኩህም። ኧረ ተይ እታለም፣ መቼ አስጨርሰሽኝ ታውቂያለሽ፣ ይላል፣ ያለ ምንም ክፋት፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፣ እዚያ ልጅቷ አለች? እስቲ ስጫት።

ስልኩን እሰጣታለሁ። ለመቀበል ቦርሳዋን እጄ ላይ ታደርገዋለች፣ ሳታስበው፣ ግድግዳ ላይ ዕቃ እንደሚሰቀል፣ እና ፊቷ ይፈታል፣ ለእኔ ተዘግቶ የነበረው ሁሉ ይከፈታል፣ ሄሎ ጋሼ፣ ትላለች፣ ሰማሁ፣ ይቅርታ፣ በእኔ ምክንያት፣ እሱ የሆነ ነገር ይላታል፣ ትስቃለች፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች፣ አዎ ሁለተኛ ጉብኝት አለ፣ እኔም ገመድ ያዥ የለኝም እያልኩ፣ ምን? አሁንማ ጊዜ አለኝ ይላሉ? እንዴት እንዲህ ብለው ይቀልዳሉ። እሺ። ረቡዕ። ጓንት እኔ አመጣለሁ፣ አዎ፣ ሁለት ጥንድ፣ አዎ፣ ረጅሙን ገመድ። አንድ ሰው ከላይ ቢጨመርልን ግን ጥሩ ነበር ጋሼ፣ የሚጠራ፣ የሚያደምጥ፣ ድምፄ ሲጠፋ የሚያውቅ ሰው፣ ትላለች፣ እና ዙሪያዋን ታያለች፣ መንገዱን፣ በረኛውን፣ እኔን አልፋ የቆመውን አውቶቡስ።

እኔ፣ እላለሁ።

አልሰማችኝም። ወይም ሰምታለች። ቦርሳዋ ይከብዳል፣ ውስጡ ብረት አለው፣ የገመድ መያዣ ብረቶች፣ ሲነካኩ ይንሿሿሉ፣ ወደ ሌላኛው እጄ አዛውረዋለሁ፣ አላስቀምጠውም፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለ ሰዓት ትነጋገራለች፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አይ ከዚያ በፊት፣ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ እና እኔ በሕይወቴ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ጠብቄ የማላውቀው ሴት፣ ቦርሳዋን ይዤ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።